እርስዎ እያሉ ማን ይመራናል?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የኦክላንድ ወደብ ክሬኖች እስከ ወገባቸው ጉም ውስጥ ገብተው የላይኛው ግማሻቸው ብቻ ሰማይ ላይ ተንሳፎ ይታያል። አቶ ሰረቀብርሃን በባቡር ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይህን ሲያዩ፣ ነቅተው ይሁን ተኝተው ለራሳቸውም በቅጡ አልለይላቸው ብሏል። ልባቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰመመን ቶሎ ቶሎ ይመጣባቸዋል። ሐኪማቸው ሩቅ መንገድ መኪና እንዳይነዱ የከለከላቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ዛሬ ወደ ሳን ሆዜ የሚሄዱት እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቲኬት ቆርጠው ነው።

የሚሄዱት ለስብሰባ ነው። ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ያለው አበሻ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሐዘን ሲደርስበት የሚረዳዳበት አንድ ማኅበር አለ፤ አቶ ሰረቀብርሃን ከተቋቋመበት ቀን ጀምሮ ሊቀመንበሩ ናቸው። ምርጫ ቀርቶ አያውቅም፤ በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል። አደራረጉን ግን ላላየ ሰው መንገር ያስፈልጋል። አቶ ሰረቀብርሃን ይነሡና፣ «ልጆቼ፣ ደክሞኛል፤ በቃኝ፣ ሌላ ሰው ምረጡ» ይላሉ። ጉባኤው ያጉረመርማል። አንዲት እናት ይነሡና፣ «እርስዎ እያሉ ማን ይመራናል!» ይላሉ። ይጨበጨባል። ሊቀመንበሩ እንደገና እምቢ ይላሉ፤ እንደገና ይለመናሉ። በመጨረሻ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ «እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» ብለው ይቀመጣሉ። ይኸው ነው ምርጫው። እምቢ ማለቱም መለመኑም የጨዋ ደንብ ነው። ችግሩ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማን የልቡን እንደሚናገርና ማን ደንብ እንደሚያደርስ ለይቶ የሚያውቅ አንድም ሰው አለመኖሩ ነበር። ሰውየው ራሳቸውም አያውቁትም።

ዘንድሮ ግን ነገር መጣ። ጥቂት ወጣቶች በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር ብለው አቀረቡ፤ ሊቀመንበር ከሁለት የምርጫ ዘመን በላይ አያገልግል የሚል ነው። ዛሬ የሚወሰነው ይኸው ነው። አቶ ሰረቀብርሃን ወሬውን ከሰሙ ጀምሮ ሌላ ነገር አያስቡም። ሚስታቸው ካረፉ፣ ልጆቻቸውም ወደ ቴክሳስ ከሄዱ በኋላ፣ ሰው የሚፈልጋቸው በዚህ ወንበር ምክንያት ብቻ እንደሆነ ይታያቸው ጀምሯል። ሊቀመንበርነቱ ከቀረ ማን በራቸውን ያንኳኳል? ማን፣ «ጋሼ፣ እንዴት እናድርግ?» ይላቸዋል? ፍርሃታቸው ይህ ነበር። ለሰው የሚነገር ፍርሃት ስላልሆነ ግን ቁጣ አልብሰው ይዘውት ይዞራሉ።

«ጋሼ ሰረቀብርሃን! እንዴት አደሩ? ብቻዎን ነዎት እንዴ?»

ቀና ሲሉ ሻሽ የተከናነበች ቀጭን ወጣት ሴት ከጉሙ ውስጥ ወጥታ ፊታቸው ቆማለች። ማን እንደሆነች ጠፋባቸው።

«አላወቁኝም መሰለኝ። ካውሰር ነኝ፤ የሙሐመድዘይን ልጅ።»

«የሙሐመድዘይን! አይ አንቺ ልጅ፣ ለቅሶው ላይ እንኳ በቅጡ አላየሁሽም፣ እንዲህ አድገሽ!» ተነሥተው ጉንጯን ሳሟት። «እናትሽ ደኅና ናት? አንቺም አስተማሪ ሆነሻል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ናት። አዎ፣ ሳን ሆዜ አንድ ሃይስኩል ውስጥ ሂስትሪ አስተምራለሁ። ዛሬ ግን የምሄደው እንደ እርስዎ ለሚቲንጉ ነው።»

ሙሐመድዘይን የወሎ ሰው ነበር። ከአቶ ሰረቀብርሃን ጋር ኤርፖርት በር ላይ ታክሲ አሰልፈው ብዙ ዓመት ተራ ጠብቀዋል፤ በረመዳን እሳቸው ከሱ ተደብቀው ይበላሉ፣ በሁዳዴ እሱ ከሳቸው ተደብቆ ይበላል፣ በኋላም ሁለቱም ይህን እያነሡ ይሣሣቃሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አቶ ሰረቀብርሃን ለልባቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ነበር ያረፈው። ስለዚህ ልጁን ማግኘታቸው ደስ አሰኛቸው። ባቡሩ ሲመጣ አብረው ገብተው በመስኮት በኩል ትይዩ ተቀመጡ።

ባቡሩ ከከተማው ጀርባ፣ በመጋዘኖችና በጓሮ አጥሮች መካከል ቀስ ብሎ ሄደ። ጉሙ ከመስታወቱ ጋር ተለጥፎ አብሯቸው የሚጓዝ ይመስል ነበር። አቶ ሰረቀብርሃን ነገሩን በልባቸው ማኖር አልቻሉም።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ፍረጂ። እነዚህ ልጆች፣ አንድ ሰው ሕዝቡ እየወደደው በሕግ ይባረር ብለው አንቀጽ ጽፈዋል። ይህ ነውር አይደለም?»

ካውሰር ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ፊቷ ቀላ።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ አልደብቅም። አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ አንባቢ ቁጣ ቢጠብቅ አይፈረድበትም፤ አቶ ሰረቀብርሃንም ሊቆጡ አስበው ነበር። ነገር ግን ሙሐመድዘይን በሴት ልጁ ፊት ላይ ቁጭ ብሎ፣ በዚያ በሚያውቁት እፍረት ሲያያቸው ቁጣው አልመጣ አለ።

«አንቺ? የወንድሜ ልጅ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም አላደረጉኝም፤ ወላሂ እንደ አባቴ ነው የማይዎት። ቢፈቅዱልኝ ለምን እንደጻፍኩት ልንገርዎት። የማስተምረው የዚህን አገር ታሪክ ስለሆነ ነገሩ ከዚያ ነው የሚጀምረው።»

«መንገዱ ረጅም ነው፤ ተናገሪ።»

«የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መጀመሪያ ሲጻፍ ለፕሬዚደንት የተርም ሊሚት፣ የዘመን ገደብ ማለቴ ነው፣ አልነበረበትም። የጻፉት ሰዎች ብዙ ተከራክረውበታል። ሕዝቡ ጥሩ ሰው ካገኘ ለምን እንከልክለው ብለው ተዉት።»

«ጎሽ!» አሉ አቶ ሰረቀብርሃን፣ ጉልበታቸውን መታ አድርገው። «እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ብልሆች ነበሩ።»

«ከዚያ ዋሽንግተን ሁለት ጊዜ ተመረጠ። ሦስተኛ ቢፈልግ ማንም አይከለክለውም ነበር። ግን ደክሞት ነበር፤ እርሻው ናፍቆት ነበር።»

«ደክሞኛል አለ?» ሽማግሌው ጆሯቸውን አቀኑ። ይህን ቃል እሳቸውም ያውቁታል። «እና ዝም ብለው ለቀቁት? አልለመኑትም?»

«በመጀመሪያው ተርም ማብቂያ ላይ ሊሄድ ሲል ለምነው አስቀርተውታል። በሁለተኛው ግን መሄዱን ጋዜጣ ላይ አሳተመ።»

አቶ ሰረቀብርሃን ሣቅ አመለጣቸው። «ጋዜጣ ላይ! የሚለምነው ሰው እንዳያገኘው ብሎ ነዋ! ለካ እዚህም አገር ልመና አለ።»

ካውሰርም ሣቀች። ከዚያ ጀፈርሰን የሚባለው ፕሬዚደንት መጥቶ ነገሩን ከድካም ወደ መርሕ እንደለወጠው ነገረቻቸው። ገደብ ከሌለው ሥልጣኑ የዕድሜ ልክ ይሆናል፣ ከዚያም እንደ ርስት ይወረሳል ብሎ እሱም በሁለተኛው ወረደ። ከዚያ በኋላ የመጡት ተከተሉት። ሕግ አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን እንደ ነውር ያየው ጀመር። ግራንት የሚባለው የጦር ጀግና ሁለት ዘመን ጨርሶ፣ ዓለምን ዞሮ ተመልሶ እንደገና ልወዳደር ቢል የገዛ ፓርቲው አልቀበል አለው። ሌላው ደግሞ፣ የመጀመሪያው ሩዝቬልት፣ በቃኝ ብሎ ሄዶ ከዓመታት በኋላ ቃሉን አጥፎ ሲመለስ አንድ ሰው በሽጉጥ መታው።

«ለዚህ ብሎ?»

«ሰውየው አእምሮው የታወከ ነበር። ግን ምክንያቱ ሲጠየቅ ሦስተኛ ተርም ነው አለ። ሩዝቬልት አልሞተም፤ ጥይቱ ደረቱ ውስጥ እያለ ንግግሩን ጨርሶ ነው ሆስፒታል የሄደው።»

«ወንድ ነው!» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ቶሎ ብለው ወደ ክርክራቸው ተመለሱ። «ግን እይ፣ አንቺው ራስሽ ነገርሽኝ። ሕዝቡ ነውር ነው ብሎ ካወቀ፣ ትልቅ ሰውም ሲበቃው ራሱ ከወረደ፣ ሕግ ምን ያደርጋል? ጨዋ ለጨዋ ሕግ አያስፈልገውም።»

ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም፤ ካውሰርም እንደ ቀላል አላየችውም። ባቡሩ ፍሪሞንትን አልፎ ቤቶቹ እየሳሱ፣ የባሕረ ሰላጤው ረግረግ እየሰፋ መጣ። የጨው ኩሬዎቹ አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ የዝገት ቀለም ያለው፣ ጉሙ በተበጣጠሰበት ሁሉ ብልጭ እያሉ ያልፋሉ። ልጅቱ ጥቂት ውጭውን አይታ ተናገረች።

«እንደዚያ እያሉ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ያለ ሕግ፣ በይሉኝታ ብቻ። ከዚያ ክፉ ጊዜ መጣ። ሰው ሥራ አጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ያኔ ሁለተኛው ሩዝቬልት ነበር። ሕዝቡ ይወደዋል። በዚያ ዘመን ቤት ለቤት እየዞሩ የሰውን ሐሳብ የሚጠይቁ ሰዎች ጀምረው ነበር። ሦስተኛ ተርም ጥሩ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁት ብዙ ሰው፣ አይ ጥሩ አይደለም ይላል። ኢሌክሽን ሲደርስ ያው ሰው ሄዶ ሩዝቬልትን ይመርጣል። ተቃዋሚዎቹ፣ ሦስተኛ ተርም አንፈልግም የሚል ባጅ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሲዞሩ ከረሙ፤ አልሆነም። ሰው ፈራ ጋሼ። እሱ እያለ ማን ይመራናል አለ።»

አቶ ሰረቀብርሃን ይህን ቃል ሲሰሙ ደነገጡ። ቃሉን የተናገረው ሰው አጠገባቸው የተቀመጠ ያህል ወደ ጎን ዞር ብለው አዩ፤ ባዶ ወንበር ነበር።

«ታዲያ አጠፉ? አገሩ አልዳነም?»

«አልክድም፣ ድኗል። ተማሪዎቼም ይህንኑ ይጠይቁኛል። ለአራተኛም ጊዜ መረጡት። ግን ያኔ በጣም ታሞ ነበር፤ ሕዝቡ ምን ያህል እንደታመመ አልተነገረውም። አራተኛውን በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተ። ምክትሉ ትሩማን ቦታውን ሲይዝ፣ አገሩ አቶሚክ ቦምብ እየሠራ መሆኑን እንኳ የነገረው ሰው አልነበረም። ከሞተ በኋላ ነው የነገሩት። ሊጠይቀው ቢፈልግ ሰውየው የለም።»

«አይ ይሄ ደግሞ ጥፋት ነው» አሉ አቶ ሰረቀብርሃን፣ ከልባቸው።

«ከዚያ በኋላ ነው ሕጉ የተጻፈው፤ ሁለት ተርም፣ በቃ። አንዳንድ ሰው የሞተ ሰው ላይ የተደረገ ብቀላ ነው ብሏል፤ እውነትም ብቀላ የፈለጉ ነበሩበት። ከዚያም ወዲህ ሰው የሚወደው ፕሬዚደንት ሁለተኛውን ሊጨርስ ሲል ደጋፊዎቹ፣ ሕጉ ይነሣ ይላሉ፤ የማይወዱት ሲመጣ ሕጉን ያመሰግናሉ። ሲጠየቅ ግን አብዛኛው ሕዝብ ይኑር ነው የሚለው። የሚወደውን ሰው መጥላት ሳያስፈልገው፣ ሕጉ ስለሚሸኝለት ይመስለኛል።»

ለአቶ ሰረቀብርሃን ነገሩ ገብቷቸዋል፤ መግባቱን ግን አልወደዱትም። ሰው ሲሸነፍ የቀረውን ሁሉ አሰባስቦ ይመጣልና፣ እሳቸውም አለኝ ያሉትን ትልቁን ማስረጃ አወጡ።

«የእኛ ማኅበር ቦምብ አይሠራም፣ ልጄ። እኔ ደግሞ ማኅበሩን በሚገባ አድርጌ ነው ያቆምኩት። ማስረጃው የራስሽ አባት ነው! እኔ ሆስፒታል ሞቼ ስነሣ፣ የወንድሜ የሙሐመድዘይን ቀብር ያለ እኔ በወጉ ተፈጸመ። እንዲያውም ያን ጊዜ ተኝቼ፣ አይ የሠራሁት ሥራ ብዬ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ።»

ካውሰር ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ወዲያው ባቡሩም ቆመ። ከፊት ያለው ሐዲድ አንድ ብቻ ስለሆነ የዕቃ ባቡር እስኪያልፍ እንጠብቃለን የሚል ድምፅ በማጉያው ተሰማ። የቆሙት ረግረጉ መካከል ነው። ከመስኮቱ ማዶ፣ ሰው ጥሏቸው የሄደ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ወገባቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ሰጥመው ዘመም ብለው ቆመዋል። አንድ ነጭ ሽመላ በአንደኛው ጣሪያ ላይ ቆሞ ምንም የሚያስቸኩለው ነገር ያለ አይመስልም።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

«የሆነ ነገርማ አለ። ንገሪኝ።»

«እናቴ እንዳልናገር አስምላኛለች።»

«እኔ ደግሞ በአባትሽ አምላክ አስምልሻለሁ።»

ልጅቱ እጆቿን አቆላለፈች። ስትናገር ድምፅዋ የአስተማሪ አልነበረም።

«አባዬ ያረፈው ሐሙስ ማታ ነበር። እኛ ዘንድ እንደሚያውቁት ሬሳ አይቆይም፤ ጁምዓ ተሰግዶበት መቀበር ነበረበት። መስጊድ አጥበው፣ ከፍነው አዘጋጁት። የመቃብሩ ቦታ ግን የተገዛው በማኅበሩ ስም ነው። የመቃብሩ ኦፊስ፣ ሊቀመንበሩ ሳይን ካላደረጉ አንከፍትም አለ። ሌላ ፊርማ የለም። ጸሐፊው ባስልኤል ኮል አደረገ፤ ስልክዎ ዝግ ነው። ሆስፒታል መጣ፤ ኦፕራሲዮን ላይ ናቸው ብለው መለሱት። ማን ዘንድ እንደሚደወል፣ ምን ወረቀት እንደሚሰጥ የሚያውቅ ከማኅበሩ አንድ ሰው አልነበረም። እርስዎ እስኪነቁ ጠበቅን። ሰኞ ዕለት ሰመመን ላይ እያሉ ነርሷ እጅዎን ይዛ አስፈረመችዎት። አባዬ ያን ሁሉ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ነበር።»

አቶ ሰረቀብርሃን የወንበሩን ጠርዝ ያዙ።

«እና ለምን... ለቅሶ ስመጣ ለምን አልነገራችሁኝም? እናትሽ ‹ሁሉም በወጉ ሆነ፣ እግዜር ይስጥልን› ነው ያለችኝ!»

«በሽተኛ ነበሩዋ። ከስተው ነበር፤ ምርኩዝ ይዘው ነበር የመጡት። እናቴ ‹እሱ ሰው ይህን ቢሰማ ይሞታል› አለች። ማኅበርተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ግን አይነግርዎትም። ስለሚወድዎት ነው ጋሼ። ሰው ሲወድዎት ዝም ይልዎታል።»

አቶ ሰረቀብርሃን ራሳቸውን ወደ መስታወቱ አዘነበሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሚወዱትን ወንድማቸውን በገዛ እጃቸው በር ላይ ያስቆሙት ያህል ተሰማቸው፤ ማልቀስ ፈለጉ፣ እንባውም አልመጣ አለ። ሰመመኑ ግን መጣ። ረግረጉ መካከል ካሉት ዘማማ ቤቶች በአንደኛው ደጃፍ ላይ ሙሐመድዘይን ነጭ ለብሶ ተቀምጦ አዩት። እንደ ድሮው ተራ እየጠበቀ ነው። ሊሮጡ ፈለጉ፤ እግራቸው ግን ሆስፒታል አልጋ ላይ ነበር። «ወንድሜ፣ ሳላውቅ ነው! እየመጣሁ ነው!» ብለው ጮኹ። ሙሐመድዘይን በዚያ ጨዋ ፈገግታው እጁን አነሣ፤ «አብሽር፣ ሰረቀ፤ ምንም አይደለም፣ አንተ ዕረፍ፤ እኔ እጠብቃለሁ» አላቸው። ሞቶም እንኳ ይሉኝታው አልለቀቀውም። ከጥይት ይልቅ ይህ ትሕትና ወጋቸው።

ሲነቁ ባቡሩ እየሄደ ነበር፤ ፀሐይም ወጥታለች። ጉንጫቸውን ርሶ አገኙት። ካውሰር መሐረብ ይዛ እያየቻቸው ነው።

«ልጄ» አሉ፣ «እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ከዚያ ወንበር ከወረድኩ ማን ይፈልገኛል?»

ይህን ለማንም ተናግረውት አያውቁም ነበር።

«ትሩማን ሩዝቬልትን ሊጠይቀው ያልቻለው ስለሞተ ነው» አለች ካውሰር፣ መሐረቡን እየሰጠቻቸው። «እርስዎ ግን አልሞቱም እኮ፣ ጋሼ።»

ሳን ሆዜ ሲደርሱ አዳራሹ ሞልቷል። ከሳምንቱ የልጆች ዝግጅት የቀሩ የወረቀት ቢራቢሮዎች ከጣሪያው ተንጠልጥለው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጭንቅላታቸው ላይ ይወዛወዛሉ። ከፓሎ አልቶ፣ ከካስትሮ ቫሊ፣ ከዳሊ ሲቲ የመጣ ሰው ሁሉ አለ። የማኅበሩ ጸሐፊ ባስልኤል የዕለቱን አጀንዳ አነበበና ስለ አንቀጹ ሐሳብ ያለው ይናገር አለ። ማንም አልተናገረም። ካውሰር ልትነሣ ስትል አቶ ሰረቀብርሃን በእጃቸው አግደዋት ተነሡ።

«ልጆቼ፣ ደክሞኛል፤ በቃኝ» አሉ።

ጉባኤው እንደ ልማዱ አጉረመረመ። ወይዘሮ ካሳነሽ እንደ ልማዳቸው ተነሡ። «እርስዎ እያሉ ማን ይመራናል!» ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው።

«አይደለም፣ የእውነቴን ነው።»

ይበልጥ ተጨበጨበ። «ምን አጠፋንብዎ?» አለ አንዱ። «ይቅር ይበሉን!» አለች ሌላዋ።

«የምሬን ነው እኮ የምላችሁ!»

አንድ ሽማግሌ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ከወንበራቸው ተነሡ። ያን ጊዜ አቶ ሰረቀብርሃን፣ ካውሰር ያን ሁሉ መንገድ ስታስረዳቸው ያልገባቸው ነገር ድንገት ፍንትው ብሎ ታያቸው። ደንብ ሲያደርሱ የኖሩ ሰው፣ እውነት የሚናገሩበት ቃል አልተረፋቸውም። ልሂድ ቢሉም መሄድ አይችሉም፤ ሕዝቡም ሂዱ ማለት ቢፈልግ አይችልም። ሁለቱም አንድ ወጥመድ ውስጥ ተይዘው እርስ በርስ ይመራረቃሉ። ዋሽንግተን ለምን ጋዜጣ እንዳስፈለገው ገባቸው።

«ዝም በሉና ስሙኝ!» አሉ። ድምፃቸው እንዲህ ከፍ ብሎ ተሰምቶ ስለማያውቅ ጸጥ ተባለ። «ሙሐመድዘይን ከሐሙስ እስከ ሰኞ ሳይቀበር መቆየቱን ዛሬ ሰማሁ። ሁላችሁም ታውቁ ነበር። እኔ አልወቅሳችሁም፤ ያከበራችሁኝ መስሏችሁ ነው። ግን እዩ፣ አክብሮታችን ሬሳ አስቀመጠ። ሁሉንም በእኔ አንድ ራስ ውስጥ አከማችተን፣ ያ ራስ ሰመመን ሲገባ ማኅበሩም አብሮ ተኛ። ይህ አንቀጽ ጠላት አይደለም። ሊቀመንበር ሁለት ዘመን ብቻ እንደሚቆይ ካወቀ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተተኪውን ያስተምራል፤ የሚያውቀውም ሰው ይበዛል። የወረደውም በሕይወት ስላለ ይጠየቃል። ሽማግሌ ሲደክመው ያለ ኀፍረት ያርፋል፤ እናንተም የምትወዱትን ሰው ፊት ለፊት ሂድ ሳትሉ ትሸኙታላችሁ። ሕጉ ለእናንተም ለእኔም ይናገርልናል። አሁን አንቀጹን የምትደግፉ እጅ አውጡ።»

አንድም እጅ አልወጣም። ካውሰር እንኳ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ፊት ማን እጁን ያነሣል?

አቶ ሰረቀብርሃን ሣቅ እንደ ማለት ብለው፣ «እሺ፣ እንግዲያው ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ» አሉ። «ጸሐፊውና እኔ ብቻ እናያለን። ማንም ማንን እንዳያይ። እኔም የማየውን መቃብር ይዤው እገባለሁ፤ ቃሌ ነው።»

ሰዉ ተያየ፤ ከዚያም እንደ ጸሎት ቤት ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። አዳራሹ ውስጥ የቢራቢሮዎቹ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማል። መጀመሪያ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ከዚያ በመካከል። ከዚያም ከዚህም ከዚያም፣ ቀስ እያሉ፣ ሕልም ውስጥ እንደሚበቅል ቡቃያ ወጡ። የወጣቶቹ ብቻ አልነበረም። አብረዋቸው ማኅበሩን ያቋቋሙት ሽማግሌዎች እጅ ነበረበት። ሊወድቁላቸው የተነሡት ሽማግሌም አሉበት። ወይዘሮ ካሳነሽ በመዳፋቸው ዓይናቸውን ሸፍነው፣ ሌላውን እጃቸውን ከሁሉም ከፍ አድርገው ዘርግተውታል።

አቶ ሰረቀብርሃን ያን የእጅ ጫካ ቆመው አዩት። ልባቸው ተወጋ፤ ይህን መካድ አይቻልም። እስከ ዛሬ ሲያጨበጭቡላቸው የኖሩ እጆች ናቸው። ግን ወዲያው ሌላ ነገር ተከተለ፤ ለረጅም ጊዜ ተሸክመውት የኖሩትን ነገር አንድ ሰው ከትከሻቸው ላይ ያወረደላቸው ያህል እፎይ አሉ። የገዛ እጃቸውንም አነሡ።

«አልፏል። እጃችሁን አውርዱና ዓይናችሁን ግለጡ» አሉ። ሰዉ ሲገልጥ እሳቸው ፈገግ ብለው ነበር፤ ብዙ ሰው የዚያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ከዚያ ምርጫው ሆነ። በካስትሮ ቫሊ የምትኖር ዙሌይካ የምትባል ነርስ፣ ሰው ሲታመም የምትጠይቅ፣ ተጠቆመች። እሷም ተነሥታ፣ «አይ እኔ አልችልም፣ ሌላ ሰው ምረጡ» አለች። አቶ ሰረቀብርሃን ከወንበራቸው ሆነው፣ «የምርሽን ነው ወይስ ደንብ ነው?» ብለው ጠየቋት። አዳራሹ በሣቅ ተሞላ። ዙሌይካም ሣቀች፤ «ፈርቼ ነው፣ ጋሼ፤ ምንም አላውቅም እኮ» አለች። ፈርታም ቢሆን ተመረጠች።

ስብሰባው ሲያልቅ አቶ ሰረቀብርሃን ከመድረኩ ወርደው መካከል ካሉት ወንበሮች በአንደኛው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ሲታይ አዳራሹ ሌላ አዳራሽ ይመስላል፤ የሰው ጀርባ፣ የልጅ ፀጉር፣ የሚሣሣቁ ትከሻዎች ይታያሉ። ካውሰር መጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች። ቀጥላም ዙሌይካ መጣች፤ መቆም እንደማይገባት ሁሉ ወገቧን ሰበር አድርጋ ቆመች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ሰው አርፏል ተብሎ ኮል ሲደረግልኝ፣ መጀመሪያ የምደውለው ለማን ነው? ለሆስፒታሉ ነው ወይስ ለመቃብሩ ኦፊስ?»

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። አቶ ሰረቀብርሃን አሰቡ።

«መጀመሪያ ለማንም አትደውዪም» አሉ። «መጀመሪያ ተነሥተሽ ቤታቸው ትሄጃለሽ፤ ሄደሽም አብረሻቸው ትቀመጫለሽ። ስልኩ ከዚያ በኋላ ነው።»

ዙሌይካ ወንበር ስባ ወደሳቸው ተጠጋች።

«እሺ» አለች፣ «ከዚያስ?»